ለአዲሱ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ፓርኪንግ አታስቆፍሩ

ጥያቄ፦ «ወላጆችና ባለሀብቶች ተሰባስበን ካዛንቺስ አካባቢ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት ልንከፍት ነው። 1,200 ተማሪ እንቀበላለን። ሁለት ቦታ አይተናል። አንዱ ዋናው አስፋልት ዳር ነው። ሌላው ከአስፋልቱ 250 ሜትር ያህል ገባ ብሎ መንደር ውስጥ ነው። አርክቴክታችን የአስፋልቱን መርጧል። ጠዋት መንገድ እንዳንዘጋ ምድር ቤት ፓርኪንግና ሰፊ የልጆች ማውረጃ እንድንሠራም መክሮናል። ቆይተን ደግሞ አውቶቡስ እንገዛለን። ልጆች በመኪና ብቻ የሚመላለሱበት ትምህርት ቤት እንዲሆን አንፈልግም። ወላጆች ግን በእግር መምጣት ያስፈራል ይላሉ። የትኛው ቦታ ይሻላል? አካሄዳችንስ ልክ ነው?»

አካሄዳችሁ ልክ አይደለም። ዓላማችሁ አንድ ነገር ይላል፣ ዲዛይናችሁ ሌላ። ለመኪና የተመቸ በር ሠርቶ መኪና አይምጣብኝ ማለት አይቻልም። ከሁለቱ ቦታዎች የምመርጠው መንደር ውስጥ ያለውን ነው። ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ፓርኪንጉን በቁጥር እንየው። ከ1,200 ተማሪ ግማሹ በቤት መኪና ይመጣል እንበል። በአንድ መኪና በአማካይ አንድ ተኩል ልጅ ብንይዝ 400 መኪና ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ከ1፡30 እስከ 2፡00 ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ወረፋ የያዘ መኪና ከፊቱ ካለው ክፍተት ጋር 6 ሜትር ገደማ ይወስዳል። 400ውን በአንድ መስመር ብታሰልፏቸው 2.4 ኪሎ ሜትር ነው። አሥር ማውረጃ ቦታ ብትሠሩ፣ እያንዳንዱም መኪና በአንድ ደቂቃ አውርዶ ቢወጣ፣ በግማሽ ሰዓት የምታስተናግዱት 300 መኪና ነው። አንድ ደቂቃ ደግሞ ለ7ኛ ክፍል ተማሪ ትበቃ ይሆናል እንጂ ለመዋዕለ ሕፃናት ልጅ አትሆንም። ቀበቶ ይፈታል፣ ቦርሳና ምሳ ዕቃ ይወርዳል፣ ልጁ አልሄድም ብሎ ያለቅሳል፣ እናት ክፍል ድረስ ታደርሰዋለች። ሁሉም አምስት አምስት ደቂቃ ከቆመ፣ ያ ሁሉ ማውረጃ በግማሽ ሰዓት የሚያስተናግደው 60 መኪና ብቻ ነው። ምድር ቤት መቆፈሩም አያድንም። ወረፋው መሬት ውስጥ ይገባል፣ መውጫው ግን ያው አንድ አስፋልት ነው። ጠዋት ጠዋት በየግል ትምህርት ቤቱ በር ዘበኛው ፊሽካ ሲነፋ፣ ቪትዙና ቪ8ቱ አፍንጫ ለአፍንጫ ሲፋጠጡ ታያላችሁ። ብዙ ሰው ይህን የቦታ ጥበት ያመጣው ይመስለዋል።

መኪናውን የሚያመጣው ምዝገባው ነው። አዲስ ትምህርት ቤት የሚከፍቱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ይህን ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ በአብዛኛው መኪና የለውም። ከከተማዋ ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከሰፈሩ በእግሩ ይመጣል፣ ወይ ከታላቁ ጋር፣ ወይ ከጎረቤት ልጆች ጋር። ስለዚህ «የአዲስ አበባ ተማሪ ያለ መኪና አይሆንለትም» የሚባለው ስህተት ነው። ያለ መኪና የማይሆንላቸው ከመላ ከተማው ተማሪ የሚሰበስቡት ትምህርት ቤቶች ናቸው። አንድ ቤተሰብ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ወደ አያት ወይም ወደ ጀሞ ሲሄድ ልጁን ከመሀል ከተማው ትምህርት ቤት አያስወጣም። ጥሩ ትምህርት እዚያ አለ ብሎ ያምናል። የልጁ ጓደኞች እዚያ ናቸው። የወላጁም ሥራ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። እናንተም «ቀድሞ የመጣ ይመዘገባል» ብላችሁ ከከፈታችሁ የምታገኙት ይህንኑ ተማሪ ነው። ያኔ ቦታው መንደር ውስጥ ቢሆን አስፋልት ዳር ለውጥ የለውም። እንዲያውም መንደር ውስጥ ያለው ይብሳል፤ ጠባቡ የኮብልስቶን መንገድ ይዘጋል፣ ጎረቤቱ ሁሉ በእናንተ ላይ ይነሳል።

ሁሉም መኪና ግን እኩል አይደለም። ከሲኤምሲ ተነስታ ካዛንቺስ ቢሮዋ የምትገባ እናት ልጇን በመንገዷ ብታወርድ ለከተማዋ የጨመረችው አዲስ ጉዞ እምብዛም የለም። ሾፌሩ ልጁን አድርሶ ባዶ መኪና ይዞ ቤት ሲመለስ፣ ከሰዓት ደግሞ ባዶውን መጥቶ ይዞት ሲሄድ ግን አንድ ልጅ በቀን አራት ጉዞ አስከተለ ማለት ነው። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ለዚህ ርቀት ብቻ አይወቀስም፣ ሰዓትም አለበት። ትምህርት ቤት 9፡30 ገደማ ይለቃል። መሥሪያ ቤት የሚለቀው 11፡30 ነው። በመሀል ላለው ሁለት ሰዓት ወላጅ ወይ ከሥራ ሾልኮ ይወጣል፣ ወይ ሾፌር ይቀጥራል፣ ወይ ራይድ ይጠራል። እናንተ ልጆቹን በጥናት፣ በስፖርት፣ በቤተ መጻሕፍት እስከ 11፡30 ካቆያችኋቸው የከሰዓቱ ጉዞ ከወላጅ የሥራ መልስ ጋር ይገጥማል። እናት ከቢሮ በእግሯ መጥታ ልጇን ይዛ ታክሲ መያዝም ትችላለች። ለተቆጣጣሪ መምህራን የምትከፍሉት ምድር ቤት ከማስቆፈር ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

በስፋት የምታስቡ ከሆነ ደግሞ የአሜሪካኖቹ ታሪክ ይጠቅማችኋል። እ.ኤ.አ. በ1969 እዚያ አገር ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል ካሉ ተማሪዎች 48 ከመቶ ያህሉ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በእግር ወይም በብስክሌት ነበር። በ2009 ቁጥሩ ወደ 13 ከመቶ ወረደ። ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱ ግን የመሬት መለኪያቸው ነበር። ለረጅም ጊዜ የተሠራበት መመሪያ ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 30 ኤከር፣ ማለትም 12 ሄክታር ያህል መሬት፣ በዚያ ላይ ለየ100 ተማሪው አንድ ተጨማሪ ኤከር ይጠይቅ ነበር። ይህን የሚያህል ባዶ መሬት ሰፈር መሀል የለም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ከከተማ ዳር ወጣ፣ ልጁም ተከትሎ መኪና ውስጥ ገባ። መለኪያው የተነሳው በ2004 ነው። የሚገርመው፣ እዚያው አሜሪካ ክላረንስ ፔሪ የተባለ የከተማ ዕቅድ አሳቢ በ1929 ተቃራኒውን ጽፎ ነበር። ትምህርት ቤቱ የሰፈሩ እምብርት ይሁን፣ ትልልቁ መንገድ በሰፈሩ ዳር ይለፍ፣ ልጁ ዋና መንገድ ሳያቋርጥ ይድረስ ነበር ያለው። ለእናንተ የሚሆነው ይህ የፔሪ ሐሳብ ነው። ሰፊ ግቢ ፍለጋ አትሂዱ። ፎቅ ሥሩ፣ ትንንሾቹን ምድር ላይ አድርጉ፣ ለኳስ ሜዳ ከአካባቢው የወጣት ማዕከል ወይም ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር በሰዓት ተዋዋሉ። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ለአንድ ተማሪ የሚጠይቀውን ስፋት ግን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ያዙ። በጋራ የምትጠቀሙበት ሜዳ እንደሚቆጠርላችሁም አረጋግጡ።

1,200 የሚለው ቁጥር አልተዋጠልኝም። ከትምህርት ቤቱ በየአቅጣጫው እስከ 1 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለው ሰፈር 3.14 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ርቀቱን ወደ 500 ሜትር ብታወርዱት ስፋቱ በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። በሌላ አባባል፣ የልጁን የእግር መንገድ በግማሽ ለማሳጠር በአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ፋንታ አራት ትንንሽ ያስፈልጋል። ትልቅ ትምህርት ቤት ከሩቅ ካልሰበሰበ አይሞላም። በ600 ጀምሩ። ቤተ ሙከራውና ቤተ መጻሕፍቱ ለ600 ተማሪ ሲሠሩ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው ወጪ እንደሚጨምር አውቃለሁ፣ ባለአክሲዮኖቻችሁም ይህን ያነሳሉ። ከምድር ቤቱ የሚተርፈውን ገንዘብ አሳዩአቸው። መዋዕለ ሕፃናቱን ነጥሎ ሌላ ቦታ መክፈት የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ አትቀበሉ። ወንድምና እህት በሁለት በር የሚገቡበት ቤተሰብ ወደ መኪናው መመለሱ አይቀርም።

አሁን ወደ ቦታው። አስፋልት ዳር ያለው ለመኪና እንጂ ለልጅ ቅርብ አይደለም። በካርታ ላይ 300 ሜትር የሚመስለው መንገድ በእግር 900 ሜትር ሊሆን ይችላል። መሀል አዲስ አበባ ለዚህ የታወቀ ነው። የቀላል ባቡሩ ሐዲድ መሬት ላይ በሚሄድበት ቦታ በአብዛኛው አጥር አለው። ወዲያ ማዶ ለመሻገር እስከ ፌርማታው ወይም እስከ መሻገሪያው መዞር ነው። ቀበናና ግንፍሌን የመሳሰሉ ወንዞች ሰፈርን ከሰፈር ይቆርጣሉ፣ ድልድዩ ደግሞ ያለው መኪና በሚያልፍበት ነው። ከዚያ ረጃጅም የድርጅት አጥሮች አሉ። ስለዚህ ርቀትን በማስመሪያ አትለኩ። የ7 ዓመት ልጅ ይዛችሁ በእግራችሁ ሂዱት። እንዲህ ያለ ልጅ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሩብ ሰዓት፣ ዳገት ካለ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። መንደር ውስጥ ያለው ቦታ ጥቅሙ ከሁለት ወይም ከሦስት አቅጣጫ በር ሊከፈትለት መቻሉ ነው። በር መጨመር ከሁሉም ርካሽ መፍትሔ ነው። ጀርባ ላይ ያለች አንዲት የእግረኛ በር የግማሹን ልጅ መንገድ ልታሳጥር ትችላለች። ትምህርት ቤቶች ግን ለጥበቃ ይመቻል ብለው አንድ ትልቅ በር ብቻ ይተዋሉ፣ እሱንም ወደ አስፋልቱ። ለሁለተኛው በር አንድ ጥበቃ መቅጠር ያን ያህል ከባድ ነገር አይደለም።

የወላጆቹ ፍርሃት ምክንያት አለው፣ አታናንቁት። በከተማችን በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ከ9 ወይም ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሚመጣን መኪና ፍጥነትና ርቀት አመዛዝኖ መሻገር ይቸግረዋል። በምክር የሚለወጥ ነገር አይደለም፣ ዕድሜው ነው። ስለዚህ «በእግር ኑ» ብላችሁ ትንንሾቹን ብቻቸውን ዜብራ ላይ የምታቆሙ ከሆነ ከነጭራሹ ቢቀር ይሻላል። መፍትሔው መኪናውን ማዘግየት ነው። አሽከርካሪው ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ብንተውለት፣ በደረቅ አስፋልት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ13 ሜትር ገደማ ይቆማል። በ50 የሚሄደው 28 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ከቆመ ታክሲ ጀርባ አንድ ልጅ 20 ሜትር ላይ ብቅ ቢል፣ የመጀመሪያው ከመድረሱ በፊት ቆሟል። ሁለተኛው ልጁን የሚገጨው በ37 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡ አገሮች እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 እንዳይበልጥ የተስማሙት ለዚህ ነው። ቁጥሩን በታፔላ መጻፍ ብቻውን አይሠራም። ከፍ ያለ መሻገሪያና ጉብታ፣ ጠበብ ያለ የመኪና መንገድ ያስፈልጋል።

ሌላው መንገድ በትምህርት ቤቱ በር ያለውን መንገድ ጠዋትና ከሰዓት ለግማሽ ግማሽ ሰዓት ለመኪና መዝጋት ነው። የጣሊያኗ ቦልዛኖ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ትሠራበታለች። ከእሷ ወዲህ ለንደንና ፓሪስም በብዙ ትምህርት ቤት በር ላይ አድርገውታል። እዚህ አይሆንም እንዳትሉኝ። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር ትልልቅ አስፋልቶች ሳይቀሩ ለመኪና ዝግ ሆነው አይተናል። የእናንተው ደግሞ የመንደር መንገድ ነው። ከወረዳው፣ ከትራፊክ ማኔጅመንትና ከትራፊክ ፖሊስ ጋር መነጋገር ይጠይቃል። ነዋሪው የራሱን መኪና እንዲያስገባ መፍቀድም ግድ ነው። አስፋልት ዳር ባለው ቦታ ይህን ማድረግ በፍጹም አትችሉም፤ ዋና መንገድ በየጠዋቱ የሚዘጋላችሁ የለም። ከአስፋልቱ ማዶ የሚመጡትን ልጆች ደግሞ አንድ የተከፈለው አዋቂ ዜብራው ላይ ቆሞ ያሻግራቸው። ተማሪ ትራፊኮች ጥሩ ናቸው፣ ግን እነሱም ልጆች ናቸው። የሰፈር ልጆችን ሰብስባ የምታመጣ አንዲት የምትታመን ሴት በየአቅጣጫው ብትቀጥሩ፣ ብዙ ቤተሰብ ለቤት ሠራተኛው የሚሰጠውን ሥራ እናንተ በሥርዓት ሠራችሁት ማለት ነው። ለልጃገረዶች በተለይ፣ በመንገድ ለሚደርስ ለከፋና ትንኮሳ ከዚህ የተሻለ መከላከያ አላውቅም።

አውቶቡሱን «ቆይተን» አትበሉ። ከመጀመሪያው የምዝገባ ቀን ጀምሮ ካልኖረ ወላጅ መኪናውን ወይም የሚኒባስ ሰርቪሱን ይለምዳል፣ የለመደውን ማስተው ደግሞ ከባድ ነው። ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚመጡት 30 ልጅ የሚይዝ አንድ አውቶቡስ 20 መኪና ያስቀራል። ግን በየቤቱ በር አይዙር። በየበሩ የሚዞር ሰርቪስ የመጀመሪያውን ልጅ 12፡30 ላይ ጭኖ ለአንድ ሰዓት ያህል ከተማ ያሳየዋል። ቋሚ መሰብሰቢያ ነጥቦች ይኑሩት። ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር በጋራ መከራየት ከተቻለ፣ አንዳችሁ 1፡45 ሌላችሁ 2፡15 ብትጀምሩ ያው አንድ አውቶቡስ ሁለት ዙር ይሠራል። ክፍያውንም ገልብጡት። በየትምህርት ቤቱ በአውቶቡስ የሚመጣ ልጅ ይከፍላል፣ በመኪና የሚመጣው በር ላይ በነጻ ይቆማል። ይህ ምን ዓይነት ሂሳብ ነው? የአውቶቡሱ ወጪ ዋናው ክፍያ ውስጥ ይግባ። ግቢ ውስጥ መኪና ማቆም ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ፣ ለታመመ ልጅና ለዕቃ ጫኝ ብቻ ይሁን።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚያነሳባችሁ አይጠፋም። ኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ነገሩ የተፈታ የሚመስለው ሰው አለ። ጭሱ ይቀንሳል፣ ጥሩ ነው። ወረፋው ላይ ግን ኤሌክትሪኩም ያው 6 ሜትር ነው። ብስክሌትን በተመለከተ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት መስመሮች ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆች ሊጠቅሙ ይችላሉ፣ መስመሩ ሳይቋረጥ በራችሁ አጠገብ የሚደርስ ከሆነ። ለትንንሾቹ አትቁጠሩት። ዝናቡን ደግሞ ከሚገባው በላይ አትፍሩ፤ ዋናው ክረምት የሚውለው ትምህርት በተዘጋበት ጊዜ ነው።

ቅድመ ሁኔታ ያልኩት ይህ ነው። ካዛንቺስ የዛሬ አምስት ዓመት የነበረው ካዛንቺስ አይደለም። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙው ፈርሷል፣ ብዙ ነዋሪም ወደ ከተማዋ ዳር ተዛውሯል። በምትኩ ዙሪያችሁ የሚቆመው መኖሪያ ከሆነ ተማሪ አላችሁ። ሆቴልና ቢሮ ብቻ ከሆነ በእግሩ የሚመጣ ልጅ የለም። ስለዚህ ቦታውን ከመግዛታችሁ በፊት የአካባቢ ልማት ፕላኑን ከክፍለ ከተማው አስወጡና በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ምን ያህል መኖሪያ እንደታሰበ እዩ። መሬቱ ገና እየተሸነሸነ ከሆነ ደግሞ በብሎኮቹ መሀል የእግረኛ መተላለፊያ እንዲተው አሁኑኑ ጠይቁ። አጥር ከተሠራ በኋላ የሚያስፈርስላችሁ አታገኙም። አንድ ሌላ ነገርም አለ። «ቅድሚያ ለቅርብ ነዋሪ» ስትሉ፣ መሀል ከተማ አዲስ አፓርታማ መግዛት የቻለውን ብቻ መምረጣችሁ እንዳይሆን። በአካባቢው ለሚሠሩ ሰዎች ልጆች፣ ለሱቅ ሠራተኛውም ለጽዳት ሠራተኛዋም፣ በቅናሽ ክፍያ የተጠበቀ ወንበር ይኑር። ወላጅ በታክሲ ይዞት የሚመጣው ልጅ መኪና አይጨምርባችሁም።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። የመንደሩን ቦታ ያዙ፣ ምድር ቤቱን ሰርዙ፣ በ600 ተማሪ ጀምሩ። በተለያየ አቅጣጫ ቢያንስ ሁለት የእግረኛ በር ክፈቱ። በምዝገባ ደንባችሁ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 4ኛ ክፍል ቅድሚያው በ20 ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥ ለሚኖሩና ወላጃቸው እዚያ ለሚሠሩ፣ ቀጥሎ ለወንድምና ለእህት ይሁን። ግቢው እስከ 11፡30 ክፍት ይሁን። አርክቴክቱን ግን ገና አትጥሩት። አስቀድማችሁ ቅድመ ምዝገባ አድርጉ። የእያንዳንዱን ልጅ ቤትና የወላጁን ሥራ ቦታ በካርታ ላይ በነጥብ አስቀምጡ። ከትንንሾቹ ግማሽ ያህሉ እንኳ በዚያ የ20 ደቂቃ ክልል ውስጥ ካልወደቁ፣ ለቦታው ቀብድ አትክፈሉ፣ ሌላ ሰፈር ፈልጉ።